መርዶ በጡሩምባ አይነገርም

በሕይወቴ መጀመሪያ የሰማሁት ድምፅ ማጉያ ወንድሜን ገድሎት ነበር። ነገሩ የሆነው በጣሊያን ጊዜ፣ እዚሁ ደብረ ማርቆስ ነው። ሰሞኑን ያስታወሰችኝ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው የልጅ ልጄ ናት። ለፈተና ስታጠና «እማማ፣ መገናኛ ብዙኃን ለኅብረተሰቡ ምን ይጠቅማል?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ የማውቀው ይህንን ነው፤ እየነገርኳት ትጽፈዋለች።

ያኔ ልጅ ነበርኩ። ታላቅ ወንድሜ ደምሴ ዱር ቤቴ ብሎ ጮቄ ተራራ ከአርበኞች ጋር ነበር። እናቴና እኔ ከትውልድ መንደራችን ከሮብ ገበያ ሸሽተን ከተማ ገብተን ነጭ ሽንኩርት እንሸጥ ነበር። የደምሴ ቤተሰብ መሆናችንን የሚያውቁት ሁለት ሽማግሌ ጎረቤቶቻችን ብቻ ናቸው።

ጣሊያን ገበያው መሀል ረጅም እንጨት ተክሎ ጡሩምባ የመሰለ ነገር ሰቀለበት። በገበያ ቀን አስተርጓሚው ከቢሮ ሆኖ ይለፈልፍበታል። አንድ ቀን «የሮብ ገበያው ሽፍታ ደምሴ ተገደለ!» አለ። ልጮኽ አፌን ስከፍት እናቴ ጭኔን በቁንጥጫ ያዘችኝ።

«ዝም በይ!» አለች በሹክሹክታ። «መርዶ በገበያ ይነገራል? ሽማግሌ ሳይላክ፣ ወገብ የሚይዝ ሰው ሳይቆም! ባለጌዎች!»

ብልጠት እንዳይመስላችሁ፤ ያናደዳት የደንቡ መጣስ ነው። በኛ አገር መርዶ የሚነገረው ማለዳ፣ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ደጅ ቆመው ነው። እነሱ ስላልመጡ ለእናቴ ደምሴ አልሞተም። ሽንኩርቷን መደብ መደብ እያደረገች ሽያጯን ቀጠለች።

ለካ ባንዶች ገበያው ውስጥ ተበትነው የሚያለቅስ ሰው ይፈልጉ ኖሯል! ለማንም ሞት የምታነባ አንዲት ሆደ ቡቡ ሴት ይዘው ሄዱ። የደምሴ ዘመድ አለመሆኗን አይተው ሲለቋት ነው ጉዱን የሰማነው።

እናቴ ግን ከዚያ ወዲህ ማለዳ ማለዳ ደጁን ማየት አበዛች። በአፏ አትናገረውም እንጂ ፈርታ ነበር።

አንድ ማለዳ መጡ። ጋቢ የተከናነቡ ሦስት ሰዎች ደጃችን ቆሙ፤ ሁለቱ ጎረቤቶቻችን ነበሩ። እናቴ እንዳየቻቸው መሬት ላይ ቁጭ አለች። ደረቷን ልትደቃ እጇን ስታነሳ ሦስተኛው ሰው ጋቢውን ገለጠ። ደምሴ!

«መሞቴን ሰምቼ ለቅሶ ልደርስ መጣሁ» አለ እየሳቀ።

«አንተ የማትረባ! እንደ መርዶ ነጋሪ በማለዳ ደጅ ይቆማል?» ብላ በጥፊ አጮለችውና አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። እልል ልትል ስትል ደምሴ አፏን በመዳፉ ከደነው።

«እማዬ፣ ተይ፣ ሞቼ ልቆይላቸው። ሙት የሚፈልግ የለም።»

እናቴ ነጠላዋን ነክሳ ሳቀች፤ አለቀሰችም። እኔ ከደስታዬ የተነሳ የማደርገው ጠፍቶኝ የሽማግሌዎቹን ጉልበት እየዞርኩ ሳምኩ።

ጣሊያን የወጣ ቀን ሰው ሁሉ ወደ ገበያው ሮጠ። እናቴ ከእንጨቱ ሥር ቆማ፣ ወደ ጡሩምባው አንጋጣ፣ ያን ሁሉ ጊዜ አምቃ ያቆየችውን እልልታ ለቀቀችው። ደምሴ አጠገቧ ቆሞ ጆሮውን ይዞ ይስቅ ነበር።

ዛሬ ቤቴ ሬዲዮም ቴሌቪዥንም አለ፤ እወዳቸዋለሁ። ክፉ ወሬ ሲያሰሙኝ ግን መጀመሪያ ደጄን አያለሁ። ያኔ የእናቴ እልልታ ጆሮዬ ላይ ያቃጭልና ብቻዬን እስቃለሁ።