መጨረሻውን ያላየው ፊልም

ልብስ ሰፊዋ የገዛ ጥላዋን እንኳ አታምንም። ባሏ ጡረታ የወጣ የሲኒማ ቤት ፊልም አጫዋች ነው። አንድ እሁድ ልጃቸው፣ «ካያችሁት ፊልም ሁሉ የቱን ትወዳላችሁ?» ብላ ወሬ ጀመረች።

«ባቡር ያመለጣት ሙሽራ ያለችበትን!» አለ አባት።

«መጨረሻው ምን ነበር?» አለች እናት ከስፌቷ ቀና ሳትል።

ሰውዬው አንገቱን አከከ። «እሱንስ አላየሁትም። የመጨረሻው የፊልም ጥቅል ሲዞር እኔ የፊተኛውን ለቀጣዩ ትርኢት ወደ ኋላ አጠነጥን ነበር።»

«ታዲያ ምኑን ወደድከው? ይሄ ነገር አላማረኝም!»

«በትንሿ መስኮት ቁልቁል ሳይ፣ አንዲት ልጅ ሁሌ ቀልዱ ሳይመጣ ቀድማ ትስቅ ነበር። ያ ሳቅ እስከዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።»

«ይኸው! ድሮም ጠርጥሬ ነበር! የማን ልጅ ናት?»

«እንጃ። አረንጓዴ ኮቷ ላይ አንዷ ቁልፍ በቀይ ክር ተተክላ ነበር።»

እናት ክው አለች። ያ ኮት፣ ልጇም እንደምታውቀው፣ ዛሬም ቁም ሳጥኗ ውስጥ ተሰቅሏል። ለልጇ ግን ስታወራ የኖረችው፣ ባሏን መጀመሪያ ያየችው የተቀደደ ሱሪ ሊያሰፋ ሱቋ የመጣ ዕለት እንደሆነ፣ ከዚያ በፊትም ሲኒማ ቤት ረግጣ እንደማታውቅ ነው።

«እማዬ» አለች ልጅ ሳቋን አፍና፣ «ቀልዱ ሳይመጣ የምትስቂው ስንቴ ብትመላለሺ ነው?»

አባት ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ሱሪውም ቢሆን… እንዲያው በራሱ አልተቀደደም።»

ልብስ ሰፊዋ መነጽሯን አወለቀች።

«ነግረኸኝ ነው? የመቀስ ቅድ ነበር።»