ሁለታችንም የካድነው መሬት

እዚህ ልደታ ከጎረቤቴ ከአስካለ ጋር ሃያ ዓመት የተጣላነው በአጥር ነው። እኔ የቆርቆሮ አጥሬን አንድ ክንድ ወደ እሷ እገፋለሁ፤ እሷ ክረምት ጠብቃ «አፈሩ ተንሸራቶ ነው» እያለች ሁለት ክንድ ወደ እኔ ትገባለች። አገር የሚያካልሉት ትልልቆቹስ ቢሆኑ ከዚህ ሌላ ምን ይሠራሉ ልጆቼ?

ባለፈው ሰሞን ታዲያ ቀያሾች ሊመጡ ነው፣ ከይዞታው አልፎ ያጠረ ይቀጣል ተባለ። በነጋታው ሁለታችንም አጥራችንን ነቅለን ወደ ኋላ ሸሸን። መሃል ላይ ሰፊ ባዶ ቦታ ብቅ አለ።

ቀያሹ ባለሦስት እግር መሣሪያውን ተክሎ፣ «እማማ፣ ይሄ ቦታ የማን ነው?» አለኝ።

«የአስካለ ነው።»

«ኧረ የእሷ ነው» አለች አስካለ። «ሃያ ዓመት ሙሉ የእኔ ነው ስትይ አልነበር እንዴ?»

«እኔ? እንዲህ ያለ መሬት መኖሩንም አላውቅ።»

ቀያሹ ሳቅ እያለ፣ የማንም አይደለም ብሎ ጻፈ።

ወር ሳይሞላ ግንበኞች ይዞ ተመለሰ። ለካ የሕዝብ ሽንት ቤት ሊሠሩበት ኖሯል።

«እናቶቼ፣ በሩ ወደ ማን ደጅ ይዙር?» አለን።

«ወደ እሷ» አልን እኩል።