እንዶድ፣ ዱቄትና «ሴት ትሸታለች»

በመምህራን ማሠልጠኛው የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ከሆንኩ ገና አምስት ወሬ ነው። ባለፈው ሳምንት አንዲት የክፍሌ ልጅ ስኳር የተጠቀለለበትን የጋዜጣ ቅዳጅ ዘርግታ ስታነብ ቆየችና ድንገት አጣጠፈችው። ምን እንዳየች ብንጠይቃት አቀረቀረች። ተቀብዬ አየሁት። የሴቶች ሳሙና ማስታወቂያ ነው፤ «ባልሽ አፍሮ ያልነገረሽ ነገር አለ» ይላል። ሌሎቹም አንብበው አቀረቀሩ። እኔ ግን አላቀረቀርኩም። የዚህን ማስታወቂያ ታላቅ እህት በጣሊያን ጊዜ ደብረ ማርቆስ ላይ አውቃታለሁ። ያን ጊዜ የሆነውን ለጓደኞቼ ስነግራቸው «ጻፊው» አሉኝ፤ እነሆ የማስታውሰውን ያህል እጽፋለሁ። የተሳሳትኩት ካለ በዕድሜ የሚበልጡኝ ያርሙኝ።

ያሳደጉኝ አክስቴ ናቸው። ባላቸው የቅኔ መምህር ነበሩ፤ ጣሊያን ከመግባቱ በፊት ዐረፉ። አክስቴ ፊደል አልቆጠሩም፤ እኔን ግን ባላቸው አስቆጥረውኝ ነበር። ነገር ግን ተማሪዎቹ ከደጅ ሲቀኙ እርሳቸው ከጓዳ ሆነው ሃያ ዓመት ሙሉ ስለሰሙ፣ ሰው የሚናገረውን ቃል እንደ እህል አበጥረው ነበር የሚቀበሉት። ባላቸው ከሞቱ በኋላ የኖርነው በእንዶድ ነው። ፍሬውን ከዘመዶቻችን አጥር እንለቅማለን፣ እናደርቃለን፣ እንወቅጣለን፣ ቅዳሜ ገበያ አውጥተን በእፍኝ እንሸጣለን። እንዶድ ሲወቀጥ አቧራው አፍንጫ ውስጥ ስለሚገባ ያስነጥሳል። ጎረቤቶቻችን ማስነጠሳችንን ሲሰሙ «ነገ ገበያ ነው» ይባባሉ ነበር።

ከደንበኞቻችን የሚበዙት ሴቶች ነበሩ። የሚገዙትም ለነጠላና ለቀሚስ ብቻ አልነበረም። ይህን ለመጻፍ ትንሽ ከበደኝ፤ ካልጻፍኩት ግን ነገሩ አይገባም። በወራችን ጊዜ የምንጠቀመው ያረጀ ነጠላ ቀድደን፣ ደራርበን፣ በመቀነት አስረን ነበር። ጨርቁን ከወንዙ ዝቅ ብለን፣ ለብቻችን ሆነን በእንዶድ እናጥበዋለን። በእነዚያ ቀኖች ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር አንገባም፤ ከደጅ ቆመን እንሳለማለን። ከደጅ የቆመችን ሴት ግን ማንም አይጠይቃትም፣ ማንም አይስቅባትም፤ የሚያልፉት ሰላም ብለዋት ያልፋሉ። አንገት መድፋት የሚባል ነገር በዚያ አልነበረም። እኔ ያየሁት እንዲህ ነው።

ጣሊያን ከተማውን ከያዘ በኋላ በአንዱ ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ከገበያው በላይ ሱቅ የከፈተው ጣሊያን አንድ ትልቅ ሥዕል በበሩ ላይ ለጠፈ። በሥዕሉ ላይ አንዲት ሴት ለብቻዋ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ከኋላዋ አንድ ወንድ ፊቱን አዙሯል፤ ሁለት ሴቶች ደግሞ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይንሾካሾካሉ። ጽሑፉ በእነርሱ ቋንቋ ስለሆነ ሰው የመሰለውን ይናገር ነበር።

«ባሏ ሞቶባት ነው» አለች አንዲት ከአማኑኤል ከተማ የመጣች ሴት።

«ባሏማ ይኸው ከኋላዋ ቆሟል። ጥርሷን ነው የሚያማት» አለች ሌላዋ።

ነገሩን የገለጠው የሱቁ አስተርጓሚ ነው። ከሩቅ አገር የመጣ፣ አማርኛን በትልቅነቱ የለመደ ሰው ነበር። በየቅዳሜው በርሜል ላይ ይወጣና ሌላ ሰው በአማርኛ ጽፎ የሰጠውን ወረቀት ጮክ ብሎ ያነባል። ወረቀቱ በትንሽ ቆርቆሮ የታሸገ ነጭ ዱቄት መምጣቱን ይናገራል። ዱቄቱ ለሴቶች ነው፤ ሴት በወሯ ትሸታለች፤ ባሏ ይሸሻታል፣ ጎረቤቷ ይጠየፋታል፣ እርሷ ግን አታውቅም፤ ስለዚህ ትግዛ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ለይቶ አያሳይም። «ትሸታለች» ሲባል «ታ» ከጠበቀ ነገሩ ሽታ ነው። ከላላ ግን እንደ ገብስ፣ እንደ ባቄላ እሸት መሆን ነው፤ ፍሬ መያዝ ነው። አስተርጓሚው ልዩነቱን ስለማያውቅ አላልቶ አነበበው። መጀመሪያ ቀን የሰሙት ባላገሮች ግራ ገባቸው።

«ጌታው» አለ ሮብ ገበያ ከምትባለው መንደር የመጣ አንድ ሽማግሌ፣ «የእኔ ገብስ ገና አልሸተም። መስቀል ካለፈ በኋላ ብመጣ ይደርሳል?»

ገበያው ሳቀ። አስተርጓሚውም ምን እንዳሳቃቸው ሳያውቅ አብሯቸው ሳቀ።

ሳቁ ግን ለአንድ ቀን ነው የቆየው። በየሳምንቱ ሲነበብ ሰው ምን ለማለት እንደተፈለገ ገባው፤ ከገባው በኋላ አልሳቀም። የከተማው ሴቶች ዱቄቱን መግዛት ጀመሩ። የገዙት ያልገዙትን ያዩ ጀመር። ወንዝ ስንወርድ አንዷ ከሌላዋ ራቅ ብላ ትቀመጣለች። አንድ ቀን አብሮ አደጌ የነበረች ልጅ፣ እኔ ስቀመጥ ቅርጫቷን አንሥታ ወደ ነፋሱ ዞር አለች።  እኔ የመጀመሪያ ወሬን ያየሁት በዚያው ክረምት መግቢያ፣ በሰኔ ነበር፤ ዐሥራ አራት ዓመቴ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቀን ሦስቴ እታጠብ ነበር። ሰው ሲያነጋግረኝ ወደ ኋላ እሸሻለሁ። ማንም ሲያስል ለእኔ ይመስለኛል።

የእኛም ገበያ ቀዘቀዘ። አስተርጓሚው ከወረቀቱ አልፎ «እንዶድ ራሱ ይሸታል፤ በሽታ ላይ ሽታ» ማለት ስለጀመረ፣ የለመዱን ሴቶች ሲያልፉ ሌላ ቦታ ያያሉ። ያመጣነውን መልሰን መሸከም ልማድ ሆነ። አክስቴ ጉልበታቸው ደክሞ ስለነበር ጆንያውን የምሸከመው፣ የምሰፍረውም እኔ ነኝ። እኔ ካልተቀመጥኩ እርሳቸው ገበያ መውጣት አይችሉም። እኔ ደግሞ ወሬ በቅዳሜ እንዳይውል እጸልይ ጀመር። ከዋለ አልቀመጥም ብዬ በልቤ ወስኜ ነበር።

በመጨረሻ ለነጠላዬ ብዬ የፈተልኩትን ልቃቂት ይዤ ወደ ሱቁ ሄድኩና በአንድ ቆርቆሮ ዱቄት ለወጥኩት። በራሴ እጅ የፈተልኩት የመጀመሪያው ድር ነበር። ዱቄቱን ተቀብቼ ቤት ስገባ አክስቴ አፍንጫቸውን ቀና አደረጉ።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«ዱቄት ነው።»

«የምን ዱቄት?»

ነገርኳቸው። ልቃቂቱንም ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ በርጩማቸውን ስበው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ሸተትሽ ያለሽ ማን ነው?»

«ማንም አላለኝም።»

«ታዲያ?»

«ሥዕሉ ነዋ፣ አክስቴ።»

«ሥዕሉ አፍንጫ አለው?»

ሳልፈልግ ሳቅኩ። እርሳቸው ግን አልሳቁም። «ስሚ ልጄ፣ ሃያ ዓመት ከተማሪ ጋራ ኖሬያለሁ። መምህሩ ተማሪን ሲቀጡ ‹እንዲህ አጥፍተሃል› ይሉታል። ጥፋቱን ሳይነግሩት እፈር ያሉት ተማሪ አላየሁም። ይኼ ሰውዬ ግን ጥፋትሽን አያውቀውም፤ አይቶሽም አያውቅ። እፈሪ ብቻ ነው የሚልሽ። ዕፍረቱን ከሰጠሽ በኋላ መድኀኒቱን ይሸጥልሻል።» ከዚያ «ለቅዳሜ ነው ወርሽ?» አሉኝ።

«አዎ።»

«ከቀረሽ እቀራለሁ። ከዚያ ወዲያ ግን የእንዶድ ሻጯ ልጅ እንኳ ሸተትኩ ብላ ቀረች ይላሉ፤ ያን ጊዜ ገበያችን ያበቃል። አላስገድድሽም።»

ሌሊቱን አሰብኩበት አልልም፤ ደክሞኝ ስለነበር ተኛሁ። ቅዳሜ ጠዋት ግን ጆንያውን አነሣሁ። ዱቄቱን አልተቀባሁም።

ከተቀመጥን ጥቂት ቆይቶ አስተርጓሚው በርሜሉ ላይ ወጣ። ጣሊያኑ ባለሱቅ በሩ ላይ ቆሟል፤ ከእርሱ ትንሽ ራቅ ብሎ መሣሪያ የያዘ ዘበኛ አለ። ያኔ በገበያ መካከል አፍን መክፈት ቀላል አልነበረም፤ በባላገሩ አርበኞች ስላሉ በትንሽ ነገር ሰው ይያዝ ነበር። አስተርጓሚው ወረቀቱን አንብቦ ሲጨርስ በጣቱ ወደ እኛ አመለከተና እንደ ልማዱ «እንዶድ ራሱ ይሸታል» አለ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። አብሮ አደጌም ከእናቷ ጋራ ቆማ ታየኝ ነበር።

አክስቴ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ «ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አሉት። «ያነበብከው ጠብቆ ነው ላልቶ?»

«ምኑ፣ እማማ?»

«‹ትሸታለች› ያልከው።»

አስተርጓሚው ወረቀቱን ገለበጠው። «እንደተጻፈልኝ ነው ያነበብኩት» አለ። ሰው ፈገግ ማለት ጀመረ። አክስቴ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ንገሪው፤ አንቺ ነሽ የፊደል ቤት ልጅ» አሉኝ።

መነሣቴን አላስታውስም። ቆሜ የተናገርኩት ግን እስከ ዛሬ ቃል በቃል ትዝ ይለኛል። «ከጠበቀ ስድብ ነው፤ ከላላ ምርቃት ነው» አልኩ። «እርስዎ አላልተው ስላነበቡልን በምርቃት ወስደነዋል። ገብስ ይሸታል፣ ባቄላም ይሸታል፤ ሴትም በወሯ ትሸታለች። ያልሸተ ጎተራ አይገባም።»

 ከዚያ ከኋላ የቆመ አንድ የቅኔ ተማሪ፣ የለመነውን ቁራሽ የያዘበትን አኮፋዳ እንደተሸከመ «ይበል» አለ። «ይበል» የሚባለው ጥሩ ቅኔ ለተቀኘ መምህር ነው፤ ለሴት ልጅ ሲባል ሰምቼ አላውቅም ነበር። ያ ገብሱ ያልሸተለት ሽማግሌ «እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው» ብሎ ሲጨምር ገበያው በሙሉ ሳቀ።

ባለሱቁ ምን እንዳሳቃቸው አስተርጓሚውን በቋንቋው ጠየቀው። አስተርጓሚው መጀመሪያ አክስቴን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። ነገሩ ገብቶት ይሁን ሳይገባው እስከ ዛሬ አላውቅም። አጭር መልስ ሰጠው። በሱቁ የሚሠራ አንድ ሰው በኋላ እንደነገረን «የዘንድሮው ገብስ ጥሩ ነው ይላሉ» ነው ያለው። ባለሱቁ ራሱን ነቀነቀና ገባ።

መጀመሪያ የመጣችው የአማኑኤሏ ሴት ናት። «ሁለት እፍኝ ስፈሪልኝ፣ ከላላው» አለች። ከእርሷ በኋላ ሌሎቹ መጡ። አብሮ አደጌ በመጨረሻ ቀርባ ስሰፍርላት «የዚያን ቀን ቅርጫቴን ያነሣሁት ለራሴ ፈርቼ ነበር» አለችኝ። እርሷም ወሯ እንደነበርና የምታርቀው እኔን ሳይሆን ራሷን እንደነበር ያኔ ተረዳሁ። አንድ እፍኝ መረቅኩላት።

ሥዕሉ ጣሊያን እስኪወጣ ድረስ ከበሩ ላይ አልወረደም። ዱቄቱን መግዛት ያልተዉም ነበሩ፤ አልፈርድባቸውም። እኔም ዛሬ በሳሙና እታጠባለሁ፤ ሳሙና ጥሩ ነገር ነው። ልቃቂቴ ተመልሶ አልመጣም፤ ነጠላዬን እንደገና ፈተልኩ። የምኮራው ዱቄቱን በማሸነፋችን አይደለም። በዚያች ቅዳሜ ወሬ ላይ ሆኜ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ ገበያው እስኪበተን ከአክስቴ ጎን ተቀምጬ ስለዋልኩ ነው። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቀርቼ አላውቅም።