የአባቴ ሽጉጥና አፎቱ

ወንድሜ ከመሐል ሜዳ ያመጣልኝን ሳጥን ስከፍት የስፌት መኪና ዘይትና የአሮጌ ቆዳ ሽታ አወደኝ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አቃተኝ።

ሳጥኑ ውስጥ ያለው ሽጉጥ የአባቴ ነው። አባቴ ከቤት ወጥቶ የቀረው እኔ ስምንት ዓመት ሲሆነኝ ነው። አያቴ ሽጉጡን ዘይት በነካ ጨርቅ ጠቅልለው ሳጥን ውስጥ ያኖሩት ነበር፤ የቆዳ አፎቱን ግን ግድግዳ ላይ ይሰቅሉት ነበር። ለያይተው ሲያስቀምጧቸው በአባቴ መምጣት ተስፋ የቆረጡ መሰለኝ። አንድ ክረምት ተደብቄ ሽጉጡን አፎቱ ውስጥ ከተትኩት።

መስከረም ላይ አያቴ ሳጥኑ ውስጥ ሲያጡት ከአፎቱ መዘው አወጡት። አፈሙዙ ዝጓል።

«አንቺ ነሽ?» አሉኝ።

«አዎ። አባባ ሲመጣ ወዲያው እንዲታጠቀው ብዬ ነው።»

አልተቆጡኝም። ዝገቱን በጨርቅ እያሹ፣ «ቆዳ እርጥበት ይይዛል ልጄ፤ ብረቱን የሚበላው እሱ ነው። የለያየኋቸው እንዲቆዩለት ብዬ ነው» አሉኝ።

«እስከ መቼ?» አልኳቸው።

ሽጉጡን መልሰው በጨርቁ ጠቀለሉት።

ወንድሜ አሁን አሮጌ ሽጉጥ የሚሰበስብ ሰው አግኝቷል። «አያታችን አርፈዋል፤ አባባም አይመጣም፤ እንስጠው» አለኝ። ተነስቼ እስከ በሩ ሄጄ ተመለስኩ።

«ክረምቱ ይውጣና እንነጋገራለን» አልኩት። ክረምቱ ግን ገና አልገባም።