የእትዬ ማጀንታ ቀሚስ

አላርፍ የቀለም ዘይት መጠጣት ጀመረ የተባለው ሐሰት ነው። በጣቱ ጫፍ ነክቶ አሸተተው እንጂ አልጠጣም። በቀለም መሸጫው መስኮት ያየው ሰው ማሽተቱን መቅመስ፣ መቅመሱን መጠጣት አደረገውና ወሬው ከባለቤቱ ቀድሞ ቤቱ ገባ።

አላርፍ ታፔላ ጸሐፊ ነው። ስሙን ያወጡለት ባልደረቦቹ ናቸው፤ ቁጭ ብሎ አንድ ብርጭቆ ሻይ ሲጨርስ ያየው የለም። ዘይት ቀለም ፍለጋ የወጣው ለታላቅ እህቱ ብሎ ነው። እትዬ ልብስ ሰፊ ናት። ሐኪሙ ዓይኗ አንድ ወር ቢያገለግላት ነው አላት። አልቅሳ ሲወጣላት አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው፦ በወጣትነቷ ራሷ የሰፋችውን፣ ከቀይ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ማጀንታ ቀሚስ ለብሳ የሚያሳያት ሥዕል። ሮዝ ካደረግከው አላይልህም ብላም አስጠነቀቀችው።

ባለሱቋ ሁለት ማጀንታ አወጣችለት፤ አንዱ በተልባ ዘይት የታሸ፣ አንዱ በሱፍ ዘይት። የተልባው ቶሎ ይደርቃል፣ ይጠነክራልም፣ ግን ዓመታት ሲያልፉ ወደ ቢጫ ያደላል። የሱፉ ጥርት እንዳለ ይኖራል፣ እስኪደርቅ ግን ልብ ያወልቃል።

«ችኩል ነህ?» አለችው።

«እኔ? ኧረ ምን በወጣኝ» ብሎ የሱፉን ወሰደ።

ቀሚሱን በቀባ በአራተኛው ቀን፣ ደረቀ አልደረቀ እያለ ሲነካካው፣ አሥራ አንድ የጣት አሻራ ነበረበት። የተበላሸ ታፔላን በላዩ ደግሞ መቀባት ልማዱ ነውና ሮጦ የተልባውን ገዝቶ ደረበበት። ላዩ ደረቀ፣ ሥሩ ግን ገና እርጥብ ነበር፤ ቀሚሱ እንደ ወተት ስልባቦት ተጨማደደ።

ባለሱቋ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «ቶሎ የሚደርቀው ከሥር፣ የሚዘገየው ከላይ ነው ወንድሜ። ገልብጠህ አለበስካት» አለችው።

ሁሉንም ፋቀ። በተልባው ብቻ፣ በስሱ፣ ግራ እጁን ኪሱ ውስጥ አስሮ እንደገና ጀመረ። የቀባውን ቁራጭ ሸራ በየጠዋቱ ለእትዬ ያሳያል፤ እሷም አፍንጫዋ ላይ ለጥፋ ትፈርዳለች። አንዱን የቀይ ሥር ውሃ አለችው፣ አንዱን የሐኪሙ ክራባት። በስምንተኛው ግን ተጠጋህ አለችው፤ ያን ቀን ሲቀባ ምሳ ሳይበላ ዋለ።

ወሩ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ሸራውን ተሸክሞ ስፌት ቤቷ ገባ። ማሽኗን አቁማ ወደ መስኮቱ አስጠጋችው። ከአንገትጌው ጀምራ እስከ ጠርዙ፣ ስፌት እንደምትመረምር ሁሉ፣ በቀስታ ወረደች።

«ይኸው ነው» አለች። «ልክ ይኸው ነው።»

ተመልሳ ወደ ላይ ወጣች። ከአንገትጌው በላይ ዓይኗን አጥብባ ቆየች።

«አንተ፣ ፊቴስ የታለ?»

ከአንገትጌው በላይ ያለው ባዶ ነጭ ሸራ ነበር። አላርፍ ሥዕሉን ከመስኮቱ አንስቶ ግድግዳው ላይ፣ ከግድግዳው አንስቶ ጠረጴዛው ላይ አስደገፈው።

«ፊቱን እንኳ ቀስ ብዬ እሠራዋለሁ፣ እትዬ» አለ።

እትዬ የቀሩትን ሁለት ቀናት በጣቷ ቆጠረችለት።