የተፈታው እጅጌ

«እማማ ኮት» ብለው ስም ያወጡላቸው ማዶ ያሉት ፀጉር አስተካካዮች ናቸው። ሠላሳ አራት ዓመት ኮት ሰፍተዋል። ሰውን ከፊቱ ይልቅ በትከሻው ያውቁታል፤ «ግራው ዝቅ ያለው መጣ» ካሉ ዳኛው መጡ ማለት ነው።

የወንድማቸውን ልጅ ገና በአሥራ ስድስት ዓመቷ አምጥተው ሙያውን አስተማሯት። አቆራረጡን፣ ገበሩን፣ የቁልፍ ቀዳዳውን ሳይሰስቱ አሳዩዋት። እጅጌ መግጠም ላይ ሲደርሱ ግን ጀርባቸውን ይሰጧታል፤ አለዚያም «እስቲ ካውያውን አሙቂልኝ» ብለው ወደ ጓዳ ይልኳታል። ልጅቷም አንድ ቀን «ለምን?» አላለችም። ይኸው ሃያ ስምንት ዓመት ሞላት።

ማክሰኞ ጠዋት ዳኛው አዲሱን ኮታቸውን ለብሰው መስታወቱ ፊት ቆሙና ክንዳቸውን ወደ ላይ አነሱ።

«ከሦስት ዓመት ወዲህ እኮ ሌላ ሰው ሆነዋል፣ እማማ» አሉ። «ድሮ ከመደርደሪያ መዝገብ ላወርድ ስል ኮቱ አብሮኝ ይወጣ ነበር። አፍሬ ነው እንጂ ልነግርዎ አስቤ ነበር። አሁን ይኸው፣ ንቅንቅ አይልም።»

ኮት አጣጥፎ ማስረከብ ሁልጊዜ የልጅቷ ሥራ ነበር። ዛሬ ግን እማማ ኮት ደስ ብሏቸው ራሳቸው ተቀበሉ። ለማጠፍ ሲገለብጡት ዓይናቸው ብብቱ ሥር ባለው የእጅ ስፌት ላይ አረፈ። እሳቸው ግራኝ ናቸው፤ ስፌታቸው ወደ ግራ ያዘነብላል። ይኼኛው ወደ ቀኝ ነው። አጣጥፈው አስረከቡና ዳኛውን ሸኙ።

«ፈትተሽዋል» አሉ ተመልሰው።

ልጅቷ የስፌት መኪናዋን አቆመች። «አዎ፣ አክስቴ።»

«ይኼን ብቻ?»

«ሁሉንም። ዳኛው ሌላ ሰፊ እያፈላለጉ ነው ሲባል ከሰማሁ ጀምሮ።»

«ማን አስተማረሽ?»

«የእርስዎን አሮጌ ኮቶች እየፈታሁ ነው። የቱ ጋ እንደሚይዝ ሳየው ገባኝ።»

«ታዲያ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«ጀርባዎን ሰጥተውኝ እንዴት አድርጌ ልንገርዎ?»

ይህን ስትል አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻላቸው ነበር።

ጠረጴዛው ላይ ጠዋት እጅጌውን የገጠሙለት ሌላ ኮት ነበር። ወደ እሷ ገፋ አደረጉት።

«እንኪ። ስወጣ ጠብቀሽ ከምትፈቺው፣ እያየሁ ፍቺው።»

ልጅቷ ትንሽ አመነታችና ምላጩን አነሳች። እማማ ኮት ወንበራቸውን ሳብ አድርገው ተጠጉ፤ መነጽራቸውንም አደረጉ። የመጀመሪያው ክር ብጥስ ሲል ግን ማየቱ አልሆነላቸውም። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ፤ እጅጌው ተፈትቶ፣ እንደገና ተገጥሞ እስኪያልቅም አልመለሱትም።