የአማቴን ጥያቄ ያልተረጎምኩ ዕለት

ቶሮንቶ፣ ክሬሰንት ታውን ውስጥ እኛ ባለንበት ፎቅ የሚኖሩ እናቶች ሐኪም ቤት ቀጠሮ ሲኖራቸው "ና አብረኸን ሂድ፣ አንተ ታስረዳልናለህ" ይሉኛል። እንግሊዝኛዬ ይመሰገናል፤ እኔም ምስጋናውን እወደዋለሁ። የዛሬ ሁለት ዓመት በጋ ላይ ያደረግኩትን ግን ከነሱ ለአንዳቸውም ተናግሬ አላውቅም።

ያን ጊዜ ባለቤቴ የሥራ ባልደረባዋ የሚሸጠውን የመዝናኛ ተሳቢ አይታ ወደደችው። አልጋ፣ ምድጃና መታጠቢያ ያለው፣ በጎማ የሚሄድ ቤት ነው። እዚህ አገር ፊፍዝ ዊል ይሉታል። እንደ ሌላው ተሳቢ ከመኪናው ጭራ አይታሰርም፤ አንገቱ ከፍ ብሎ የፒካፑ መጫኛ ላይ ይወጣና እዚያ በተተከለ ሂች በሚባል ማያያዣ ይቆለፋል። ፒካፕ ነበረኝ። ባለ አራት በር፣ ጋቢናው ሰፊ፣ ለዓይን የሚያምር። ስገዛው የኋላ መጫኛው ምን ያህል እንደሆነ ልብ ብዬ አላየሁም። ተሳቢውን ገዛን፤ የቀረን ሂች ብቻ ነበር።

አማቴ፣ የባለቤቴ አባት፣ አብረውን ነው የሚኖሩት። የአሰብን መንገድ በከባድ መኪና ከነተሳቢው ሲመላለሱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ልጃቸው ወደ ቶሮንቶ ካመጣቻቸው ወዲህ ግን መሪ ጨብጠው አያውቁም። መስኮት ላይ ቆመው የሚታጠፉትን አውቶቡሶች እያዩ "ይሄ ጎበዝ ነው፣ ይሄ ገና ነው" ይላሉ። ሂች ልገዛ መሆኑን የሰሙ ዕለት ሳልጠይቃቸው ኮታቸውን ለብሰው በር ላይ ጠበቁኝ። ፓርኪንግ ስንወርድ የፒካፑን መጫኛ በክንዳቸው ለኩት። ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሱቁ ዌስተን አካባቢ ነው። ሻጩ ትሑት ሰው ነበር። የመኪናውን ዓይነት ጠየቀኝና "ሾርት ቦክስ ነው?" አለኝ።

ቦክስ ለኔ ካርቶን ነው። የፒካፕ መጫኛ እዚህ አገር ቦክስ እንደሚባል አላውቅም ነበር። "ምን ማለትህ ነው?" ብዬ ብጠይቀው ያልቅ ነበር። ግን ከኋላዬ ሁለት ሰዎች ተሰልፈዋል፤ አማቴም አፍ አፌን ያያሉ።

"ኖ፣ ኖርማል ነው" አልኩት።

"ምን አለህ?" አሉኝ አማቴ።

"መኪናው ደህና ነው ወይ ነው የሚለኝ።"

"እንግዲያው ጠይቅልኝ። ጀርባው አጭር ነው፤ ለክቼዋለሁ፣ አራት ክንድ አይሞላም። ጠባብ ቦታ ላይ ሲታጠፍ የተሳቢው ግንባር ጋቢናውን ይመታዋል። ወደ ኋላ የሚንሸራተት ዓይነት የላችሁም ወይ በለው።"

ሻጩ እንዲገባው ብለው ሞባይላቸውን እንደ ፒካፕ ባንኮኒው ላይ አስቀመጡና የኔን ቁልፍ ወስደው እንደ ተሳቢ ከኋላው ገጠሙት። ሞባይሉን ቀስ ብለው ወደ ጎን አዞሩት፤ ቁልፉ ሲነካው "ጧ!" አሉ ጮክ ብለው። ከተሰለፉት አንዱ ፈገግ አለ። ፊቴ ጋለ።

ሻጩ ምን እያሉ እንደሆነ ጠየቀኝ። "ድሮ ሾፌር ነበሩ፤ የድሮ ወሬ ነው" አልኩት በእንግሊዝኛ። ከዚያ ወደሳቸው ዞሬ በአማርኛ "ጠይቄዋለሁ አባባ፣ ችግር የለውም አለ" አልኳቸው።

"እሱ ካለ እንግዲህ" አሉና ሞባይላቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

ከቦታው የማይነቃነቀውን ሂች አስገጠምኩ።

ተሳቢውን ልናመጣ የሄድነው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ከባለቤቴ ባልደረባ ግቢ ለመውጣት ወደ ግራ ጠበብ አድርጎ መታጠፍ ነበረብኝ። ባለቤቴ በራሷ መኪና ቀድማን ወጥታ በሩ ላይ ትጠብቃለች፤ አማቴ ወርደው ከጎን ያስነዱኛል። መስኮቴ ተዘግቶ ነበር። እጃቸውን ከፍ አድርገው ሲያወናጭፉ በመስታወት አየኋቸው፤ አፋቸው "ቁም! ቁም!" ይላል። ደግሞ ጀመሩ ብዬ መሪውን ጨረስኩት። የተሳቢው ግንባር ጋቢናውን መታው፤ የኋላው መስታወት ጀርባዬ ላይ ረገፈ።

ማንም አልተጎዳም። ባለቤቴ እየሮጠች መጣች።

"ምን ሆናችሁ?"

"አባባ ና፣ ና ብለውኝ" አልኩ።

ይህን ያሰብኩበት አይመስለኝም፤ ብቻ ከአፌ ወጣ። አማቴ እጃቸው ገና እንደተዘረጋ አዩኝ። ከዚያ አወረዱትና ለልጃቸው "አዎ፣ እኔ ነኝ ያሳሳትኩት። ዓይኔ ደክሟል" አሏት።

"አባዬ፣ በቃ ከእንግዲህ አንተ ቁጭ በል" አለች ትከሻቸውን አቅፋ።

ዓይኔ ደክሟል ስላሉ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ያዘችላቸው። አስተርጓሚው ማን ይሆናል? እኔ። ሐኪሟ ለምን እንደመጡ ስትጠይቅ አማቴ እኔን ሳያዩ "መኪና አስመታሁ በላት" አሉ። ተረጎምኩ። ቃል በቃል ተረጎምኩ። መርምራ ስትጨርስ በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለ ጥሩ ዓይን ብዙ እንዳላየች፣ ሩቁን በተለይ አጥርተው እንደሚያዩ ነገረችኝ። ባለቤቴ አጠገባችን ቆማለች። ያንንም ተረጎምኩ።

ቤት ስንገባ ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኳት፤ የሱቁንም፣ የግቢውንም።

"ዓይን ሐኪም ጋ ወሰድኩት እኮ" አለች። "አንተ እያወቅህ አብረኸን መጣህ። ለኔ አይደለም የምትናገረው፣ ሂድ ለሱ ንገረው።"

አማቴ መስኮቱ ጋ ነበሩ። "አባባ፣ ያን ዕለት ሰውየውን አልጠየቅኩትም" አልኳቸው።

"አውቃለሁ" አሉ። "የኔ ጥያቄ ረጅም ነበር፤ አንተ ለሱ የነገርከው አጭር ነው።"

"ታዲያ ጥፋቱን ለምን ወሰዱት?"

"ሚስትህ ፊት ቆመህ ነበር" አሉኝና ፊታቸውን ወደ ውጭ መለሱ።

የሚንሸራተተውን ሂች ልንገዛ ሱቁ ስንመለስ "ልጄ ትምጣ" አሉ። እኔ በሩ አጠገብ ቆምኩ። ሻጩ ሾርት ቦክስ ነው ወይ ሲላት ባለቤቴ፣ እንግሊዝኛዋ ከኔ የሚያንሰው፣ ምንም ሳትጨነቅ "ቦክስ ምንድን ነው?" አለችው። ሰውየው ከባንኮኒው ወጥቶ ውጭ ድረስ ሄዶ መጫኛውን በእጁ አሳያት። አማቴ ጥያቄያቸውን አንድ በአንድ ጠየቁ፤ እሷም እየተደናቀፈች አንድም ሳታስቀር አደረሰች። የሚንሸራተተው ሂች ሁለት ዓይነት ነው አላት። አንደኛውን ሾፌሩ ከመታጠፉ በፊት ወርዶ በእጁ ይከፍተዋል፤ ሌላው መኪናው ሲታጠፍ ራሱ ወደ ኋላ ይሄዳል።

"ራሱ የሚሄደው ይሁን" አሉ አማቴ። "ሰው ይረሳል፤ ይቸኩላል።"

ዕቃው በትእዛዝ ስለሆነ የሚመጣው ሳምንታት ጠበቅን። በጋው ሊያልቅ ሲል ሐይቅ ዳር ሁለት ቀን አደርን። መንገዱን ሁሉ አማቴ ጋቢናው ውስጥ አጠገቤ ተቀምጠው "ቀስ በል"፣ "አሁን ዙር" እያሉ አስነዱኝ። ሂቹ እንዳሉት ሠራ። ስለዚያ ቅዳሜ አንድም ቀን አላነሡብኝም። ቢያነሡብኝ፣ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።